ልጆቻችንን በእግዚአብሔር ሥራ አናስፈራራቸው



እዚህ ቂሊንጦ፣ በአማኝ ወላጆች መካከል ሰሞኑን አንድ ክርክር ተነሥቷል። መምህራን ሕፃናትን ስለ ዳይኖሰር በእጅ ሥራ ማስተማር ጀምረዋል። በሳፋ አሸዋ ውስጥ የፕላስቲክ እንስሳ ይቀብራሉ፤ ልጆቹ በቀለም ብሩሽ ቀስ እያሉ ጠርገው ያወጡታል። አንዳንዶች "ይህ የከሃዲዎች ትምህርት ነው፤ ልጄ እንዳይነካው" ብለዋል። ከዚያም አልፎ "ዳይኖሰር ኖሮ አያውቅም፤ አጥንቱን ሰውን ሊያስት የቀበረው ሰይጣን ነው" ሲባል ሰምቻለሁ። የተባለውም በጸሎት ቡድን ውስጥ ነው።

በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ንግግሩ ለእምነት የቆመ ይምሰል እንጂ እምነትን ከሥሩ የሚቦረቡር ነው።

አንደኛ፣ ሰይጣን ፈጣሪ አይደለም። መዝሙር 24ን ክፈቱና ምድርና በውስጧ ያለው ሁሉ የማን እንደ ሆነ አንብቡ። ከአፈር በታች ያለው አልተቀነሰም። አጥንትን በድንጋይ ውስጥ የሚሠራ፣ ጥርስን በሥርዓት የሚደረድር ሰይጣን ካለን፣ ሳናውቀው ሁለተኛ ፈጣሪ አቁመናል። ይህ ከዳይኖሰር ትምህርት የከፋ ኑፋቄ ነው።

ሁለተኛ፣ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ሙገርን የማያውቅ ማን አለ? ሲሚንቶው ስንቱን ቤታችንን አቁሟል። በዚሁ በሙገር ስም የሚጠራ የጭቃ ድንጋይ ንብርብር አለ። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ የአባይ ገባሮች በቆረጡት ሸለቆ ውስጥ ይታያል። ከዚህ ንብርብር ተመራማሪዎች የሥጋ በልና የዕፅ በል ዳይኖሰሮችን ጥርስ አውጥተዋል። ዕድሜውንም ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይገምቱታል። በቂሊንጦ መሬት ግን ዳይኖሰር አይፈለግም። እኛ የተቀመጥነው ከዚያ እጅግ ዘግይቶ በእሳተ ገሞራ በተነጠፈ ድንጋይና በመረሬ አፈር ላይ ነው። ብዙዎች የሚያምታቷት ድንቅነሽም ዳይኖሰር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ በተመራማሪዎች ግምት 3.2 ሚሊዮን ዓመት ብቻ ነው ዕድሜዋ። ታንዛኒያ ውስጥ ደግሞ ተንዳጉሩ ከሚባል ቦታ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 ቆፍረው የወሰዱት አጥንት ዛሬ በርሊን ሙዚየም ውስጥ ከ13 ሜትር በላይ ከፍታ ይዞ ቆሟል። ይህ ከኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ጋር የሚስተካከል ነው። እንዲህ ያለውን ፍጥረት "አልነበረም" ማለት ለማን ክብር ነው?

ሦስተኛ፣ "ዓመቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ይጋጫል" ይባላል። የትኛው ዓመት? ጄምስ አሸር የተባለው የአየርላንድ ሊቀ ጳጳስ እ.ኤ.አ. በ1650 ባሳተመው ቆጠራ ፍጥረትን ከክርስቶስ ልደት በፊት 4004 ላይ አደረገው። የአገራችን የዘመን አቆጣጠር ደግሞ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ይላል። በሁለቱ መካከል 1500 ዓመት ያህል ልዩነት አለ። ሁለቱም መጽሐፍ ቅዱስን የሚያከብሩ ሰዎች ሥራ ነው። ለመዳን ይህን ቁጥር አምናችሁ ተቀበሉ ያለ ሐዋርያ ግን የለም። ምድር ወጣት ናት ብለው የሚያምኑ ወንድሞች አሉኝ፤ አከብራቸዋለሁ፤ አብሬያቸውም እጸልያለሁ። የምቃወመው የአሜሪካኖችን ጠብ በትርጉም መጽሐፍ አስገብተን የአምስት ዓመት ሕፃን የሚፈተንበት የእምነት አንቀጽ ማድረጋችንን ነው።

አራተኛው ጥያቄ ክብደት ያለው ነው። "ሞት በአዳም ኃጢአት ከገባ፣ እንስሳት ከአዳም በፊት እንዴት ሞቱ?" ሮሜ 5፥12ን አንብቡ። ጳውሎስ የሚናገረው ወደ ሰው ሁሉ ስለ ደረሰው ሞት ነው። መዝሙር 104፥21 ደግሞ አንበሳ አደን ፍለጋ ሲያገሣ ከእግዚአብሔር ምግቡን እንደሚለምን አድርጎ ይዘምራል። መዝሙረኛው በዚህ አላፈረም፤ አመሰገነበት እንጂ። በዚህ ላይ የሚለያዩ ሊቃውንት አሉ። ይለያዩ። ልጁ ግን ብሩሹን ይያዝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እዚሁ ሰፈራችን የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ዛሬ አሸዋ የሚጠርገው ልጅ ነገ በዚያ ወይም በሌላ ዩኒቨርሲቲ ድንጋይ ያጠናል። ያን ቀን ጥርሱን በእጁ ይይዘዋል። "ይህ የሰይጣን ነው" ያለችው ቤተ ክርስቲያን፣ "ኢየሱስ ከሙታን ተነሥቷል" ያለችውም እርሷው ናት። አንዱን ውሸት ሆኖ ሲያገኘው ሌላውን እንዴት ይቀበላት? ይህን አደጋ አፍሪካዊው አውግስጢኖስ አስቀድሞ አይቶታል። ክርስቲያን ስለ ሰማይና ስለ እንስሳት የማያውቀውን በድፍረት ሲናገር የሚሰማ የማያምን ሰው፣ ስለ ትንሣኤ የምንነግረውንም እንደሚንቅ በዘፍጥረት ማብራሪያው አስጠንቅቋል። ከ1600 ዓመት በኋላም አልሰማነውም።

ለመምህራኑም የምለው አለኝ። አጥንት ስለ እንስሳው ይናገራል፤ "እግዚአብሔር የለም" ብሎ የተናገረ አጥንት ግን አልተገኘም። በሕፃናት ፊት ከአሸዋው ሳፋ ወደ ክህደት የሚዘል መምህር ሳይንስን አላስተማረም፤ የራሱን እምነት ሰበከ እንጂ።

ስለዚህ የልጆች አገልግሎት መምህራን፣ ይህን ሥራ ለሌላ አትተዉት። ውድ ዕቃ አይጠይቅም። ዝናብ ያራሰውን መረሬ አቡክታችሁ በላዩ ቅጠል አስጫኑ። ሲደርቅ ቅጠሉ ይሄዳል፤ ምልክቱ ይቀራል። ልጁ "ቅሪተ አካል" የሚለውን ቃል ከመሸምደዱ በፊት በጣቱ ያውቀዋል። ለበዓል የታረደ ዶሮ እግር በደንብ አጥባችሁ ጭቃው ላይ አሳትሙ። ሥጋ በል ዳይኖሰሮች በሦስት ጣት ይራመዱ እንደነበር፣ ባለሙያዎችም ወፎችን ከእነርሱ ወገን እንደሚቆጥሩ ንገሯቸው። እናት አሥራ ሁለት ብልት አድርጋ ያወጣችውን የዶሮ አጥንት ቀቅላችሁ አድርቁና እንደገና እንዲገጣጥሙት ስጧቸው። ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያያሉ። አሸዋ በወንፊት ይንፉ፤ ጥቃቅን ጥርስ የሚፈልጉ ሰዎችም በወንፊት ይሠራሉ። በግቢው 22 ሜትር ገመድ ዘርጉና "የተንዳጉሩ እንስሳ ርዝመት ይህን ያህል ነበር" በሉ። ከዚያ ኢዮብ 40ን አንብቡላቸው። ብሄሞትን ብዙዎች ጉማሬ ይሉታል፤ ዳይኖሰር ነው ብላችሁ አትማሉ። ምዕራፉ የሚያስተምረው፣ እግዚአብሔር ለሰው በማይታዘዝ ፍጥረቱም ደስ እንደሚለው ነው።

"በኖኅ መርከብ ገብተው ነበር?" ብለው ይጠይቋችኋል። መጽሐፍ ቅዱስ ስማቸውን አያነሣም በሏቸው። ዳይኖሰር የሚለው ስም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1842 በእንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን የወጣ ነው። መጽሐፍ ዝም ባለበት ዝም ማለትም መታዘዝ ነው።

ለትልልቆቹ ልጆች ደግሞ ሌላ ገመድ ዘርጉ። አንድ ሴንቲ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ይሁን። ከዛሬ ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ስትለኩ፣ ድንቅነሽ 3 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናት። የዳይኖሰሮች መጥፊያ 66 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ የሙገር ጥርሶች አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ። ጌታ ኢየሱስ ወደ ምድር የመጣበት ዘመን የት ነው? ከፀጉር ውፍረት ባነሰች ቦታ፣ ገመዱ በተያዘበት ጫፍ ላይ። ያ ሁሉ ገመድ የእርሱ ነው። በእርሱ ፊት ሺህ ዓመት እንደ አንድ ቀን መሆኑን (2 ጴጥ. 3፥8) ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ሥዕል አላውቅም። ያን ሁሉ ዘመን በእጁ የያዘው ጌታ፣ በዚያች ጠባብ ጫፍ ሥጋ ለብሶ ስለ እኛ ሞተ። ይህን የሰማ ልጅ አይፈራም፤ ይሰግዳል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ እጁን ጭቃ ነክሮ ቢመጣ አትቆጡት። ምን እንዳገኘ ጠይቁት፣ እጁን አስታጥቡት፣ ከዚያም አብራችሁ ፈጣሪውን አመስግኑ።

ጌታ ልጆቻችንን በእውነትና በመገረም ያሳድግልን። አሜን።