ገዳዮቹ ተቀጡ፤ ልጆቹን የመጠበቅ አማና የነበረባቸውስ?

ታህሳስ 7/2007 ማክሰኞ ማለዳ ስድስት ታጣቂዎች በፓኪስታን ፔሻዋር ከተማ ወደሚገኘው የሠራዊቱ ትምህርት ቤት በኋላ አጥሩ በኩል ዘልቀው ገቡ። በርካታ ተማሪዎች በአዳራሹ ተሰብስበው ስለ መጀመሪያ የህክምና እርዳታ እየተማሩ ነበር። ታጣቂዎቹ እዚያው ተኩስ ከፈቱባቸው። በዚያ ቀን ከ140 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ከ130 የሚበልጡት ልጆች ነበሩ። ርዕሰ መምህርቷ ጣሂራ ቃዚም ከተማሪዎቻቸው ጋር ተገደሉ። የፓኪስታን ታሊባን ኃላፊነቱን በይፋ ወሰደ፤ ሠራዊቱ በሰሜን ዋዚሪስታን ላካሄደው ዘመቻ የሰጠው አጸፋ እንደሆነም ተናገረ።

በገዳዮቹ ላይ ያለን አቋም ግልጽ ነው። በጦር ሜዳ እንኳ ህጻናት እንዳይነኩ ያዘዘ ዲን በመማሪያ ክፍሉ የተቀመጠን ልጅ ለመግደል ሽፋን ሊሆን አይችልም። ይህ ወንጀል በዲናችን ስም የተፈጸመ በመሆኑ ከማንም ቀድመን ልናወግዘው የሚገባንም እኛው ነን። ነገር ግን ውግዘት ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄ አለ። ያንን ጥያቄ ያነሱት የሟቾቹ ወላጆች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም እኛን ጭምር ይመለከታል።

ከጥቃቱ በኋላ መንግስት የወሰዳቸው እርምጃዎች ፈጣን ነበሩ። በማግስቱ ታግዶ የቆየው የሞት ቅጣት እንዲመለስ ተወሰነ። በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ህገ መንግስቱ ተሻሽሎ ሲቪሎችን በሽብር ወንጀል የሚዳኙ ወታደራዊ ፍርድ ቤቶች ተፈቀዱ። ህዳር 22/2008 ከጥቃቱ ጋር በተያያዘ አራት ሰዎች በስቅላት ተቀጡ። ለቤተሰቦች ካሳ ተሰጠ፤ ትምህርት ቤቶችም በሟቾቹ ስም ተሰየሙ።

ወላጆቹ ግን የጠየቁት ሌላ ነበር። የሠራዊት ትምህርት ቤት፣ ያውም በጦር ሰፈር አካባቢ፣ እንዴት ተደፈረ? ማስጠንቀቂያ ነበር ወይ? ከነበረ ማን ደረሰው? ምንስ አደረገበት? የወታደራዊ ፍርድ ቤቶቹ ችሎት ዝግ ስለነበር ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኝበት መድረክ አልነበረም። የስቅላቱ ገመድ ስለ ገዳዮቹ ተናገረ፤ ስለ ጠባቂዎቹ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም።

እናቶችና አባቶች ዝም አላሉም። የልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው አደባባይ ወጡ፤ ተሰባስበው ማህበር መሰረቱ፤ ነጻ የዳኝነት ምርመራ እንዲካሄድ ጠየቁ። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ሰሞን የግዛቱ ገዢ ፓርቲ መሪ የነበሩት ኢምራን ካን ሊጎበኙ ሲመጡ በተቃውሞ የተቀበሏቸውም እነዚሁ ወላጆች ነበሩ። ድንጋይ አልወረወሩም፤ ንብረት አላቃጠሉም። ጥያቄያቸውንም አልጣሉም።

ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2011 መባቻ፣ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፔሻዋር ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን እንዲቋቋም አዘዘ። ሪፖርቱ መስከረም 2013 ለህዝብ ይፋ ሲሆን የወላጆቹ ጥርጣሬ መሰረት የነበረው መሆኑ ታወቀ። የብሔራዊ ፀረ ሽብር ተቋሙ ታጣቂዎች የሠራዊቱን ትምህርት ቤት ሊያጠቁ እንደሚችሉ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። የጥበቃዎቹ ቁጥር አነስተኛ፣ የቆሙበትም ቦታ ትክክል አልነበረም። ተዘዋዋሪው የጥበቃ ቡድን ደግሞ ሆን ተብሎ በተቃጠለ መኪና ተታልሎ ከስፍራው ርቆ ነበር።

እንግዲህ እናስተውል። እነዚህ እውነቶች የወጡት ሹማምንቱ በራሳቸው ፈቃድ ስለተናገሩ አይደለም። ልጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎች ለስድስት ዓመት ያህል ሳይታክቱ ስለጠየቁ ነው።

ፈተናቸው ግን ይህ ብቻ አልነበረም። በ2009 እጁን የሰጠው የታሊባን የቀድሞ ቃል አቀባይ ኢህሳኑላህ ኢህሳን ፍርድ ሳያገኝ በ2012 ከተያዘበት አመለጠ። በ2014 ደግሞ መንግስት ከዚሁ ቡድን ጋር ድርድር ጀመረ። ያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት እኚያው ኢምራን ካን ነበሩ። በዚያው ዓመት ህዳር ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአካል ጠርቶ ስለ ወላጆቹ አቤቱታ ጠየቃቸው። አንድን የሀገር መሪ ከዳኞች ፊት ያቆመው የጦር መሳሪያ ሳይሆን የእናቶች ሰብር ነበር።

ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሁለት መልሶች ሁልጊዜ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው «ጊዜው የአንድነት ነው፤ ጥያቄ ማንሳት ጠላትን ማገዝ ነው» የሚል ነው። ጠላት የሚታገዘው ግን ያልተጠበቀው በር ሳይጠበቅ ሲቀር ነው። ስህተቱ ያልተመረመረ ተቋም ነገም ያንኑ ስህተት ይደግማል፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ሹሙ ሳይሆን የነገው ተማሪ ነው።

ሁለተኛው መልስ ከእኛው መሀል የሚወጣ በመሆኑ ይበልጥ ያሳስበናል። «ቀደር ነው፤ አላህ የወሰነው ነው» ይባላል። አዎን፣ በቀደር እናምናለን፤ ሐዘንተኛውንም የሚያጽናናው ይኸው እምነት ነው። ነገር ግን ቀደር ለሐዘንተኛ መጽናኛ እንጂ ለሹም መሸሸጊያ አይደለም። በአላህ ውሳኔ ማመን አማናውን የዘነጋን ሰው ከተጠያቂነት ነጻ አያወጣም። ሐዘንተኛን ለማጽናናት የተሰጠንን ቃል ሐዘንተኛን ዝም ለማሰኘት ከተጠቀምንበት በእናቲቱ ላይ ሌላ ዙልም ፈጸምን ማለት ነው።

ስለዚህ የመስጂድ ጀመዓዎቻችን ከፔሻዋር ወላጆች የሚማሩት ተግባራዊ ነገር አለ። ልጆቻችንን ለትምህርት ቤትም ሆነ ለመድረሳ ስናስረክብ አማና እያስረከብን ነው። አደጋ እስኪደርስ ሳንጠብቅ በሩን ማን እንደሚጠብቅ፣ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ማን እንደሚቀበለው፣ ልጆች በየት በኩል እንደሚወጡ እንጠይቅ። አደጋ ከደረሰ ደግሞ ለቀብር እንደምንወጣው ሁሉ ሐዘንተኞቹ እውነቱን ሲጠይቁም ከጎናቸው እንቁም። ካሳና መታሰቢያ መልካም ነው፤ የሐቅ ምትክ ግን ሊሆን አይችልም።

አላህ የፔሻዋርን ልጆች በጀነት ያኑራቸው፤ ለወላጆቻቸውም ሰብሩን ይስጣቸው። ጥያቄያቸው የተሟላ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ጥያቄያችን ነው።

አላሁ አክበር!