አሮጌውን ካቴና ይዞ መሄድ

አባቴ እዚህ ናይሮቢ ውስጥ በቦክሰር ሞተር ለምግብ ቤቶች እንጀራ ያደርሳል። ሞተሩ ከቆመ የዚያን ቀን ገቢ የለም። ስለዚህ መለዋወጫ ከየት ይገዛ የሚለው ክርክር በእኛ ቤት ቀልድ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ካቴናውንና የሚዞርበትን ባለ ጥርስ ክብ ብረት ከኢንተርኔት ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ዋጋው ርካሽ ነበር፣ ፎቶውም ቁርጥ የእኛን ይመስላል። ከአራት ቀን በኋላ ሲመጣ የብረቱ ቀዳዳዎች ከኋላው ጎማ ጋር አልገጠሙም። ቦክሰር ባለ 100ም ባለ 150 ሲሲም አለው፤ እኔ ስሙን ብቻ አይቼ ነበር። ሻጩ "ማሸጊያው ተከፍቷል" ብሎ አልመልስም አለ። እስከዚያው እንጀራው በቦዳ ቦዳ እየተላከ፣ በርካሽ ገዝተን ያተረፍነው ሁሉ ለኪራይ ወጣ።

ኪሪንያጋ መንገድ ያለው ባለሱቅ ግን አሮጌውን ዕቃ ተቀብሎ ከአዲሱ ጎን ያስቀምጥና ጥርሱን ይቆጥራል። ፉንዲውም የተበላ ጥርስ አዲስ ካቴና ቶሎ ስለሚጨርስ ሁለቱን አብሮ ይቀይራል። ገንዘብ ካጠረን ማታ በኤምፔሳ እንልካለን።

እርግጥ እዚያም አስመስሎ የተሠራ ዕቃ አይጠፋም፤ ዋጋውም የሰው ፊት እያየ ይለወጣል። ኢንተርኔቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ዋጋ አይቶ ለመከራከር። የፍሬን ሸራ ግን፣ ወላጆቻችን፣ በእጃችሁ ሳትይዙ አትግዙ። ጠዋት ጠዋት ከኋላችሁ የምንቀመጠው እኛ ነን።

ያ ያልገጠመው ብረት አሁንም ቤታችን አለ። እናቴ የጀበና ማቶት አድርጋዋለች።