ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፦ ለባህር ማዶ ወገኖቻችን ደወሉን ማን ይደውል?

ከጆሃንስበርግ በስተሰሜን፣ ከቴምቢሳ ጋር ተያይዞ የሚገኝ አይቮሪ ፓርክ የሚባል ሎኬሽን፣ ማለትም ከከተማው ዳር ያለ የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈር፣ አለ። እዚያ የወንድሜ ልጅ ስፓዛ የምትባል ትንሽ ሱቅ አለችው። በቅርቡ ልጠይቀው ሄጄ በብረት ፍርግርግ እያሾለከ ዳቦና ስኳር ሲሸጥ አብሬው ዋልኩ። ወደ ማታ ስልኩ ላይ መልእክት ገባ፤ «ነገ ሰልፍ አለ፣ ሱቅ እንዳትከፍቱ» ይላል። ማን ላከው? አይታወቅም። የት ሰፈር? አልተጻፈም። በማግስቱ ከወገኖቻችን ሱቆች ግማሹ ተዘጋ፣ ግማሹ ተከፈተ። ሰልፉ ግን አልመጣም።

«ጋሼ፣ ባለፈው ወሬ ነው ብለን ከፍተን ተዘረፍን፤ ዛሬ ደግሞ ዘግተን ገቢያችን ቀረ» አለኝ።

ስጋቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2008 በአሌክሳንድራ የተጀመረው በውጭ ዜጎች ላይ ያነጣጠረ ጥቃት በቀናት ውስጥ አገሪቱን አዳርሶ 62 ሰዎች ሞተዋል። በ2015 በሶዌቶና በደርባን፣ በ2019 ደግሞ በጆሃንስበርግ ሱቆች ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል። ከሆሳዕና አካባቢ ቤተሰቡ ተበድሮ የላከው ወጣት በአንድ ሌሊት ባዶ እጁን ይቀራል። ከዚያ በኋላ ምን ይከተላል? የሀዘን መግለጫ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄው ነው።

ሌሎች እንዴት አደረጉት? በሬገን ዘመን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ጆርጅ ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ1985 የባህር ማዶ ጸጥታ አማካሪ ምክር ቤት አቋቋሙ፤ በአሕጽሮት ኦሳክ ይሉታል። ውጭ አገር የሚሠራ የአሜሪካ ኩባንያ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም የእምነት ድርጅት ያየውን ይናገራል፤ መንግሥትም የሚያውቀውን መልሶ ይነግረዋል። ምክር ቤቱን የሚመሩትም መንግሥትና የግሉ ዘርፍ በጋራ ነው። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ በሙያዬ ጭስ ጠቋሚ ከደወል ጋር ካልተያያዘ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጌጥ ነው። እነርሱ ሽቦውን አያያዙት።

የእኛስ? «ኢትዮጵያ ድሃ ናት፣ አቅም የላትም» የሚል አይጠፋም። አቅምማ ነበረ! የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳጋለጠው የኢሳት ሠራተኞች የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ይሸጠው በነበረ የስለላ ሶፍትዌር ተጠቅተዋል፤ በ2017 ደግሞ ይኸው ተቋም በውጭ ያሉ ተቃዋሚዎች በሌላ መሣሪያ መሰለላቸውን ይፋ አደረገ፤ ጣቱንም ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ቀሰረ። ባህር ተሻግሮ የዜጋን ኮምፒውተር ለመበርበር አቅም ከተገኘ፣ «ዛሬ ሱቅህን ዝጋ» ብሎ ለመደወል እንዴት ይጠፋል? ሕዝባችን ኤምባሲ ሲባል ጠባቂ ሳይሆን ሰላይ የሚታየው በዚህ የተነሳ ነው። ወረቀት የሌለው ልጅ ደግሞ ስሙን ለማንም መስጠት ይፈራል፤ ቢፈራም አይፈረድበትም።

ስለዚህ ከእኛው እንጀምር። እድራችን ቀባሪ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ጠባቂም ይሁን። በየሎኬሽኑ ሁለት የታመኑ ሰዎች ይመረጡ። የሚያስተላልፉት ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ማን በዓይኑ እንዳየና መጣራት አለመጣራቱን ብቻ ይሁን፤ የሰው ስም አይግባበት። ሐሰት ሆኖ የተገኘውም «ሐሰት ነበር» ተብሎ ይነገር። የዊትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዜኖዎች በሚል ስም እንዲህ ያሉ ጥቃቶችን ይመዘግባሉና የእኛም እዚያ ይድረስ።

ፕሪቶሪያ ካለው ኤምባሲ የምንጠይቀው ሌሊትም የሚነሳ አንድ ስልክና ከፖሊስ አጣርቶ መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው ነው። አይቮሪ ፓርክ በጆሃንስበርግ፣ ጎረቤቱ ቴምቢሳ ግን በኤኩሩሌኒ ከተማ አስተዳደር ሥር ነው፤ መንገድ ሲሻገሩ የከተማው ፖሊስ ይለወጣል። ሁለቱንም በር ማንኳኳት የኤምባሲ እንጂ የባለስፓዛ ሥራ አይደለም። መድረኩን ሁለት ሰብሳቢዎች ይምሩት፤ አንዱን ባለሱቆቹ ይምረጡት። ይህን ካልተቀበለ የሚፈልገው መረጃ ሳይሆን ጥቆማ ነውና አንስጠው።

የወንድሜ ልጅ ዛሬም ማታ ስልኩን እያየ ይተኛል።

ቸር ወሬ ያሰማን።