በወሎ የነቀርሳ ሐኪም ቤትና የምርምር ማዕከል ይቋቋም ዘንድ ለሕዝብ የቀረበ ጥሪ

ከዋግና ከላስታ ደጋ እስከ ቃሉ ቆላ፣ ከራያ ሜዳ እስከ ቦረና ሳይንት ሸንተረር የሚኖር የወሎ ሰው፣ ሐኪሙ «ነቀርሳ ነው፤ የጨረር ሕክምና ያስፈልጋል» ባለው ጊዜ፣ ከደዌው አስቀድሞ የሚያሸንፈው መንገዱ ነው። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ጊዜ ተኪዶ የሚመለሱበት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ፣ ሰው ተበድሮም ሆነ ከዘመድ ለምኖ፣ ጣርማ በርን ተሻግሮ ደርሶ በመጣ ነበር። ነገር ግን ለማኅፀን በር ነቀርሳ የሚታዘዘው ጨረር ብዙውን ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአምስት ወይም ለስድስት ሳምንት፣ በጥቂት በጥቂቱ ተከፍሎ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ሕመምተኛዋ ቤቷን ዘግታ፣ ልጆቿን ለጎረቤት ዐደራ ሰጥታ፣ ላሟን ሸጣ፣ በማታውቀው ከተማ ክፍል ተከራይታ መቀመጥ ግድ ይሆንባታል። ከዚያም በፊት ተራ መጠበቅ አለ። ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ሕዝብ ሁሉ ይህን ሕክምና የሚያገኘው ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበረ ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር፤ በተመዘገበችበት ቀን ልትድን ትችል የነበረች ሴት፣ ተራዋ ሲደርስ ደዌው ከመዳን ወሰን አልፎ ተገኝቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማና በሌሎችም ከተሞች ማዕከሎች መከፈት መጀመራቸው ፈጣሪን የሚያስመሰግን ነው፤ ዳሩ ግን ጅማ ለወሎ ሰው ከአዲስ አበባም አልፎ የሚኬድበት አገር ነው።

ስለዚህ በደሴ፣ ድኻው እንደ ባለጸጋው እኩል የሚገባበት፣ የሕዝብ የሆነ የነቀርሳ ሐኪም ቤት ከነምርምር ማዕከሉ ይቋቋም ዘንድ እንጠይቃለን። ምርምሩን ከሕክምናው ጋር አያይዘን የምንጠይቅበት ምክንያት ለጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ 77 ሺህ ያህል ሰው በነቀርሳ እንደ ተያዘና ከ50 ሺህ በላይ እንደ ሞተ ይገመታል፤ ይህ ግምት ግን በአመዛኙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ በተጀመረው መዝገብ ላይ ነው። የከተማው ሰው ደዌ ተቈጥሮ የሰቆጣው ገበሬ ደዌ ከዚያ ይገመታል ማለት ነው፤ ይህም በእኔ አስተያየት ከጨረር መሣሪያ እጦት ያላነሰ ጕድለት ነው።

ቈጠራ ምን እንደሚያስገኝ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በኡጋንዳ ይሠራ የነበረው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ዴኒስ በርኪት፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በአፍሪካ ሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣውን ዕጢ ከገለጸ በኋላ፣ በየአገሩ ላሉት ሆስፒታሎች ደብዳቤ እየላከ፣ በአሮጌ መኪናም ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር እየዞረ፣ በሽታው የት እንዳለና የት እንደሌለ በካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ አሰፈረ፤ ካርታውም ዕጢው ሙቀትንና ዝናብን፣ የምድሩንም ከፍታ የሚከተል መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተው የኡጋንዳ የካንሰር ተቋምም ይህንኑ ዕጢ በመድኃኒት ለመፈወስ ከሠሩት ግንባር ቀደም ሆነ። የእኛ ወሎ ከአፋር ጠረፍ ቆላ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ እስከሚደርሰው እስከ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጣ፣ ምግቡም ውሃውም አየሩም በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ የሚለዋወጥ ምድር ሆኖ ሳለ፣ ማን በየትኛው ነቀርሳ የት እንደሚያዝ ሳይመዘገብ መኖሩ እጅግ ያሳዝናል።

ከዚያው ከኡጋንዳ ሌላ ትምህርት አለ፤ ይኸኛው መራራ ነው። የአገሪቱ ብቸኛ የኮባልት መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 በተበላሸ ጊዜ፣ ሕዝቡ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ጨረር ሕክምና ቆየ። ኮባልት ሳይበላሽም ቢሆን በአምስት ዓመት ከሩብ ገደማ ኀይሉ በግማሽ ይቀንሳል። የመሠረት ድንጋይ አስቀምጦ ፎቶግራፍ መነሣት የለመድን ሰዎች ስለ ሆንን ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ፦ ወፍራሙ የኮንክሪት ግድግዳና ውዱ መሣሪያ የመጨረሻዎቹ ናቸው። አስቀድሞ የሚያስፈልገው ናሙና አይቶ ነቀርሳ መሆኑን የሚለይ የፓቶሎጂ ሐኪም፣ የጨረሩን መጠን የሚያሰላ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፣ መሣሪያውን የሚጠግን መሐንዲስ፣ የማይቋረጥ መብራትም ነው። እነዚህን ባለሙያዎች ለማስተማር ዓመታት ስለሚፈጅ፣ የክልሉ መንግሥትና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ሕንፃው ሳይጀመር እንዲልኩ፣ ቦታውንና የመብራቱን መስመርም ከወዲሁ እንዲወስኑ እናሳስባለን።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ በካይሮ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሕፃናት ነቀርሳ ሆስፒታል መልስ ይሰጣል፤ ስሙ 57357 የተባለው መዋጮ በሚገባበት የባንክ ሒሳብ ቍጥር ሲሆን፣ የተሠራውም ከሕዝብ በተሰበሰበ ስጦታ ነው። የወሎ ሰው ደግሞ ቅሬ አለው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ሙታኑን የሚቀብርበት አገር፣ ሕያዋኑን ለማዳን ማኅበር ማቆም የሚከብደው አይመስለኝም። ቦሩ ሜዳ ላይ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራው ሐኪም ቤት፣ ሰው ሁሉ የሚሸሸው ደዌ እንኳ በዚሁ ምድር ሐኪም እንዳገኘ ይመሰክራል፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የተዘረፈው የደሴ ሆስፒታልም ተመልሶ ሥራ ጀምሯል።

ሆኖም ማኅበሩ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ሳይመዘገብና ሒሳቡን የሚመረምር ኦዲተር ሳይሾም፣ ማንም ሰው አንድ ብር እንኳ እንዳይሰጥ፣ ማንም እንዳይሰበስብ እለምናለሁ። በጅዳ፣ በሪያድና በቤይሩት በሰው ቤት እየሠሩ ወንድምና እኅት የሚያስተምሩትን እኅቶቻችንንም አስቀድሞ ለመዋጮ መጥራት ነውር ነው፤ ሸክማቸው ይበቃቸዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የፊዚክስ ባለሙያዎች ግን ከገንዘባችሁ ይልቅ ዕውቀታችሁ ይፈለጋልና፣ በየዓመቱ ጥቂት ሳምንት መጥታችሁ ለማስተማር ስማችሁን ለዩኒቨርሲቲው አስታውቁ።

እናቶችና እኅቶች ሐኪም ቤቱ እስኪሠራ አትጠብቁ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ ሁሉ ምርመራው ወደሚሰጥበት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የማኅፀን በራችሁን አስመርምሩ፤ እንደ ሆምጣጤ ባለ ቀጭን አሲድ ተቀብቶ በዓይን የሚታይ ነው እንጂ ቢላዋ የለበትም። የሚታየው ለውጥ ወደ ነቀርሳ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅበት፣ በጊዜው የተገኘ እዚያው ይታከማል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠውን ክትባት ልጆቻችሁ ሳይከተቡ እንዳያልፋቸው።

በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ያላችሁ ሐኪሞችና የካርድ ክፍል ሠራተኞች፣ ከዛሬ ጀምራችሁ በነቀርሳ የተጠረጠረውን ሁሉ ዕድሜውን፣ ወረዳውን፣ የታመመበትን አካል፣ ሕመሙ የጀመረበትንና ወደ እናንተ የደረሰበትን ቀን ለይታችሁ መዝግቡ፤ የሕመምተኛው ምስጢር ይጠበቅ እንጂ ለዚህ ከአንድ መዝገብና ከአንድ ብዕር በቀር ምንም አያስፈልግም።

የቅሬ ዳኞች፣ የሰንበቴና የማኅበር ሙሴዎች፣ የመስጊድ ኢማሞችና የደብር አስተዳዳሪዎች ደግሞ ጉዳዩን በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንሡ፤ ከየቅሬው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ምረጡ፤ ውሳኔያችሁን በቃለ ጉባኤ አስፍራችሁ፣ በማኅተም አጽንታችሁ፣ አንዱን ግልባጭ ለወረዳችሁ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን በደሴ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ላኩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተወካዮቹ የሚሰበሰቡበትን አዳራሽ ይፈቅድ ዘንድ በዚያው ደብዳቤ ጠይቁ።