ማጂን ሳያዩ ባሕር መሻገር

ክረምት በተቃረበ ቁጥር በአዲስ አበባ ከሚገኙት አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች አንድ ደብዳቤ ይደርሳል። ደብዳቤው ተማሪዎች ለሁለት ሳምንት ያህል ወደ ውጭ አገር ተጉዘው በአንድ መንደር የበጎ ፈቃድ ሥራ እንደሚሠሩ፣ የሕዝቡን ባህል እንደሚመለከቱ፣ ተራራ እንደሚወጡና በወንዝ ላይ በጀልባ እንደሚቀዝፉ ይገልጽና በመጨረሻው መሥመር የሚከፈለውን ገንዘብ በዶላር ያስታውቃል። ወላጅ አንብቦ ይተክዛል፤ ልጅ ግን ከደስታው ብዛት ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደውም።

እኛ ይህን ዓይነቱን ጉዞ ለመንቀፍ አልተነሣንም። ሐሳቡ ከመልካም ምንጭ የተቀዳ ነው። ኩርት ሃን የተባለው ጀርመናዊ መምህር ከሂትለር አገዛዝ ተሰዶ እ.ኤ.አ. በ1934 በስኮትላንድ የጎርደንስቶውንን ትምህርት ቤት ባቋቋመ ጊዜ፣ ተማሪ ከመጽሐፍ ሌላ በተራራና በባሕር ሊፈተን፣ ለሰውም ሊያገለግል ይገባዋል ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 የተጀመረው የኤዲንበራ መስፍን ሽልማትም አገልግሎትንና አድካሚ ጉዞን ያጣመረው ይህንኑ አሳብ በመከተል ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። የሚያገለግሉት መንደር፣ የሚያዩት ባህልና የሚወጡት ተራራ የግድ ከባሕር ማዶ መሆን አለበትን?

ከለንደን የሚመጣ ተማሪ ማጂን ሲያይ ውጭ አገር አየሁ ቢል እውነቱን ነው። የሚያስገርመውና የሚያሳፍረው፣ ለአዲስ አበባውም ተማሪ ማጂ ውጭ አገር መሆኑ ነው። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። አዲስ የተመደበው ወጣት ሹም ማጂ በደረሰ በሳምንቱ የዝውውር ማመልከቻ የሚጽፈው አገሩን ጠልቶ ሳይሆን ከዚያ በፊት አይቶት ስለማያውቅ ነው።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የተባለውን ደንብ አቁሞ፣ ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል አድርጎ ነበር። አብዛኞቹም በመምህርነት ተሰማሩ። ከዚያ በኋላ በ1967 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 የሚያህሉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። ያ ዘመቻ በትእዛዝ የሆነ ስለ ነበረ ብዙ መራራ ነገር አስከትሏል፤ የሞቱ ወጣቶችም አሉ። የሆነ ሆኖ ከዘመቻው የተመለሱ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ የሰፈሩበትን ወረዳ ስም እንደ ትውልድ መንደራቸው ስም ይጠሩታል። በቅርቡም የሰላም ሚኒስቴር በ2013 ዓ.ም. «በጎነት ለአብሮነት» በሚል ስም ወጣት ምሩቃን ከተወለዱበት ክልል ወጥተው እንዲያገለግሉ ጀምሯል። እንግዲህ መንገዱ ተጠርጓል፤ የጎደለው ትምህርት ቤቶቻችን እንዲሄዱበት ማድረግ ነው።

ይህን ስንል የራሳችንን ስሕተት ሳንደብቅ መናገር ይገባናል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳለን አሥራ ሁለት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን በዕረፍታችን ወደ ማጂ ምድር ወርደን ነበር። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ ስንጓዝ ዝናብ ያዘን፤ መኪናችንም ጭቃ ውስጥ ሰመጠች። በመንገድ ያለፉ ገበሬዎች ሸክማቸውን አውርደው፣ ቅጠልና ድንጋይ ከጎማው ሥር ጎዝጉዘው ገፍተው አወጡን። ልንረዳቸው የሄድነው እኛ፣ የመጀመሪያውን ርዳታ የተቀበልነውም እኛው ሆንን።

ከደረስንም በኋላ የአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ለሦስት ቀን ቀለም ቀባን። ብሩሻችንን ይዘን ፎቶግራፍ ተነሣን። በመሰናበቻው ቀን አንድ መምህር ዝግ ባለ ድምፅ «ግድግዳው እንኳ ደኅና ነበር፤ የሒሳብ መምህር ግን ከታኅሣሥ ጀምሮ የለንም» አሉን። ከመካከላችን ሁለቱ የሒሳብ ተማሪዎች ነበሩ። ሦስት ቀን ሙሉ ቀለም ሲያቀልሙ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እነሱም አልጠየቁም። ያን ዕለት ማታ ፎቶግራፎቹን መልሶ ለማየት የደፈረ ከመካከላችን አልነበረም።

ከዚህ የተማርነው አገልግሎት ከጥያቄ እንደሚጀምር ነው። «ምን እንሥራላችሁ?» ሳይሉ የሚሠሩት ሥራ የሠሪውን ልብ ከማስደሰት አያልፍም።

ስለ ባህልም እንዲሁ ነው። ወደዚያ የሚወርደው መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው የሱሪን ሴት የከንፈር ገል ፎቶግራፍ ነው። ለአንድ ፎቶግራፍ ጥቂት ብር ይከፍልና ባህል አየሁ ብሎ ይመለሳል። የሴትዮዋን ስም አልጠየቀም፤ ስለ ከብቶቿና ስለ ልጆቿ አንዲት ቃል አልተለዋወጠም። እኛ ግን ከደጋው የዲዚ ገበሬዎች ቤት ባደርንበት ሌሊት፣ የቤቱ እመቤት «ልጆቼ፣ በርዷችኋል» ብለው የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር አፍልተው ሰጡን። ቡና ማለት ፍሬው ብቻ ነው ብለን ያደግን ሰዎች በዚያች ሌሊት ስለ ቡና ያወቅነው፣ አሥር ዓመት ሙሉ በጀበና ከጠጣነው በለጠብን።

ቡና ካነሣን ዘንድ የጌሻን ነገር ሳንናገር አናልፍም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ በማጂ ይቀመጥ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ከማጂ በስተሰሜን ካለው ከጌሻ አካባቢ የቡና ዘር አስለቅሞ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ ከዚያ ወደ ታንጋኒካ ተሻገረ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ቀጥሎም ፓናማ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ በተደረገው የቡና ውድድር ይኸው ቡና አንደኛ ወጣና ስሙ በዓለም ተጠራ፤ ዛሬም በጨረታ እጅግ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ነው። የጌሻ ዘር ውጭ አገር ተጉዞ ስም አወጣ። የጌሻ ልጅ ግን ቡናው ምን ያህል እንደሚሸጥ አያውቅም፤ የአዲስ አበባውም ተማሪ ጌሻ በየት በኩል እንደሆነ ቢጠየቅ ጣቱን ወዴት እንደሚቀስር አያውቅም። ከሁለቱ አለማወቅ የትኛው እንደሚከፋ አንባቢ ይፍረድ።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጸጥታውም አያስተማምንም» ይላሉ። ሩቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ሚዛን ተፈሪ ብቻ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ማጂ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ጸጥታውንም አስቀድሞ ከአካባቢው አስተዳደር መጠየቅና ባልተመቸ ጊዜ ጉዞውን ማቆየት ግዴታ ነው። ነገር ግን ተራራና ወንዝ ፍለጋ ዶላር የሚከፍል ሰው የራሱ አገር መንገድ አስቸጋሪ ነው ብሎ ሲያማርር መስማት ያስቃል። ጀብዱ የፈለገ እግረኛ ከማጂ ደጋ ቁልቁል የኦሞን ቆላ ይመልከት፤ ጫካ የፈለገም እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የሸካን ደን ይግባበት።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቶችና ለወጣት ሹማምንት ይህን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ጉዞው ከመነሣቱ በፊት የወረዳው መምህራንና ሽማግሌዎች ምን እንደሚያስፈልጋቸው ይጠየቁ፤ መልሳቸውም ለሥራው መርሐ ግብር ይሁን። ሁለተኛ፣ ቆይታው ቢያንስ አንድ ወር ይሁን። «እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ» የተባለው እጁን አጣምሮ ለሚቀመጥ እንግዳ ነው እንጂ፣ ቀይ እሸት ቡና አብሮ ለሚለቅምና በማድረቂያው አልጋ ላይ አብሮ ለሚያሰጣ አይደለም። ሦስተኛ፣ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያው አለና ተማሪዎቹ ለመጤው ጓደኞቻቸው መሪና አስተርጓሚ ይሁኑ። አራተኛውና ዋነኛው፣ ጉዞው የአንድ ወገን አይሁን። የማጂም ተማሪ በተራው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በእንግድነት ይቀመጥ፤ እኛ የእነሱን ቤት እንዳየን እነሱም የእኛን ይዩ።

ይህ ከተደረገ በኋላ ልጆቻችን ባሕር ቢሻገሩ ደስታችን ነው። በባዕድ አገር ሰው «አገርህ እንዴት ያለ ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ከመጽሐፍ ያነበቡትን ሳይሆን በጭቃው ተራምደው ያዩትን ይመልሳሉ።

እኛም የዚያን መምህር ቃል አልረሳነውም። ከሁለቱ የሒሳብ ተማሪዎች አንዱ ባለፈው ዓመት ተመርቆ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ በማጂ ለማስተማር አመልክቷል። እኛ ቀለም ቀብተን የተመለስነው ግን ዕዳችንን ገና አልከፈልንም።