ማርገዣ ቀንም ይነገር
በነቀምቴ፣ በጊምቢም ሆነ በደምቢ ዶሎ የሚሰጠው የቤተሰብ ምጣኔ ምክር ወሊድ ማዘግየት ለሚሹት ብቻ መሆን የለበትም፤ ልጅ የናፈቃቸውም ማርገዣ ቀናቸውን ሊማሩበት ይገባል። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 221 ሴቶችን ተከታትሎ የታተመ ጥናት፣ እርግዝና የተገኘው እንቁላል በሚወጣበት ቀንና ከዚያ በፊት ባሉት 5 ቀናት በተደረገ ግንኙነት ብቻ መሆኑን አሳይቷል። እንቁላሏ ከወጣች በኋላ የምትቆየው ቢበዛ አንድ ቀን ያህል ነውና፣ የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ቆጥረው 14ኛውን ቀን ብቻ የሚጠብቁ ባልና ሚስት ዕድሉ በየወሩ ሊያመልጣቸው ይችላል። «የወር አበባ ይዛባል፣ ቆጠራ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይዛባል፤ ከቆጠራው ጋር የሰውነትን ምልክት ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከማህፀን በር የሚወጣው ፈሳሽ እንደ ጥሬ የዶሮ እንቁላል ነጩ ክፍል ሲጠራ፣ በሁለት ጣት መሃልም ሳይበጠስ ሲሳብ፣ ቀኖቹ ደርሰዋል፤ ይህን ለማየት ሳንቲም አያስፈልግም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፤ ክትትሉ የሴቷ ሥራ ብቻ ሆኖ፣ ልጅ ሲዘገይ ጥፋቱም በእሷ እንዳይላከክ። ስለዚህ ምክሩን ባልም አብሮ ይስማ። አንድ ዓመት ሞክረው ካልሆነ፣ እሷ 35 ዓመት ከሞላት ደግሞ ከ6 ወር በኋላ፣ ሁለቱም ይመርመሩ፤ የእሱ የዘር ፈሳሽ ምርመራም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይሁን፣ እሷን ብቻዋን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አዲስ አበባ ድረስ ከማመላለስ በፊት።