ሪዱ ሞቷል፤ ልጁን አትውቀሱ

በየትምህርት ቤቱ፣ በየወጣት ማዕከሉና በየኪነት ቡድኑ ሳክስፎን የሚማር ልጅ ድምፁ ሲታፈን የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው። «ትንፋሽ የለህም»፣ «ጆሮ የለህም»፣ ሲብስም «ተወው፣ ያንተ ነገር አይደለም»። ይህን ከማለቱ በፊት ሪዱን አውልቆ ወደ ብርሃን አዙሮ የሚያይ አሠልጣኝ ግን ጥቂት ነው። በዚህ የተነሣ በአንዲት ስንጣሪ ጥፋት ልጆች ከሙዚቃ እየተባረሩ ነው እላለሁ።

ለማያውቁት፦ ሪድ ማለት በሳክስፎኑ መንፊያ ላይ የምትታሰረው ስስ ስንጣሪ ናት። መሣሪያው ናስ ቢሆንም ድምፁን የምትወልደው እሷ ናት። የምትሠራውም ከሸምበቆ ነው፤ በየወንዙ ዳር ከምናውቀው፣ ለዋሽንትም ከምንቆርጠው። ስመ ጥር ለሆኑት ሪዶች የሚሆነው ሸምበቆ የሚበቅለው በደቡብ ፈረንሳይ፣ ቫር በሚባለው አካባቢ ነው። የትም ይብቀል የት፣ ሸምበቆ የሣር ወገን ነው፤ ያልቃል። መሣሪያ የሚቃኝባት «ላ» ስትነፋ ሪዷ በሰከንድ 440 ጊዜ ትርገበገባለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ቢነፋ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ጊዜ በላይ ማለት ነው፤ ያውም በምራቅ እየራሰች፣ በትንፋሽ እየሞቀች። በየቀኑ ለሚለማመድ ሰው የአንዲት ሪድ ዕድሜ የሚቆጠረው በሳምንታት ነው። እኛ ግን በዓመት እንቆጥርላታለን።

ለምን? ጉዳዩ ወደ መዝገብ ቤት ይወስደናል። ሳክስፎን ሲገዛ ፎቶ ይነሣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ ቁጥር ይለጠፍበታል። ቋሚ ንብረት ነውና ይከበራል። ሪድ አላቂ ዕቃ ናት፤ ለፎቶም አትመች። ለወረቀትና ለፕሪንተር ቀለም ሳይጠየቅ በጀት የሚይዝ መሥሪያ ቤት፣ ሪድ ሲባል «አምና ተሰጥቷችሁ አልነበር?» ይላል። የፕሪንተሩ ቀለም ሲደበዝዝ ግን «ጸሐፊዋ መጻፍ አትችልም» ያለ ኃላፊ አልሰማሁም።

ታዲያ ሪድ መቼ ትቀየር? «ስትሰበር» የሚለው መልስ ስህተት ነው። ሪድ ከመሰበሯ ብዙ ቀደም ብላ ትሞታለች። ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። ድምፁ ብርሃን ያጣል፤ የላይኞቹ ኖታዎች ዝቅ ብለው ይወጣሉ ወይም ጨርሶ እምቢ ይላሉ፤ ጠንከር ተደርጎ ሲነፋ ሪዷ ከመንፊያው ጋር ተጣብቃ ትዘጋለች፤ ጫፏ ይጠቁራል፣ ይሳሳል ወይም ይሸረፋል። ከተጠራጠራችሁ ተመሳሳይ ቁጥር ያላት አዲስ ሪድ አስራችሁ ያንኑ ዜማ ንፉ። ድምፁ ከተመለሰ ጥፋተኛው ተገኘ።

ሁሉን ነገር በሪድ ማሳበብም አይገባም። በሪድ ለውጥ የማይስተካከል የታችኛው ኖታ መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት ፓዶች አየር ስለሚያሾልኩ ነው፤ እሱ የጠጋኝ ሥራ ነው። በበጋ ደረቅ አየር ጫፏ የተጥመለመለ ሪድም ገና አልሞተችም፤ በውኃ ሲያርሷት ትመለሳለች። ይህን መለየት የአሠልጣኙ ሙያ ነው፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ዕዳ አይደለም።

የልጁ ዕዳ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው። የሞተች ሪድ ድምፅ ስታወርድበት ልጁ ከንፈሩን ነክሶ ሊያወጣው ይታገላል። ከንፈሩ ይቆስላል፣ ጉሮሮው ይጠብቃል፣ መንከሱም ልማድ ይሆናል። በኋላ አዲስ ሪድ ቢሰጠውም ልማዱ አብሮት ይቀራል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ለዚህ ነው። የሪድ ዋጋ ቆጥበን ልጁን ከሰርን።

ሁለት መከራከሪያ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። አንደኛው «ዶላር የለም» ነው። እውነት አለው፤ ሪድ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ዶላር ወጥቶበት የመጣን ሳክስፎን በሞተች ሪድ ማስነፋት ቁጠባ አይባልም። መኪና ገዝቶ ዘይት ላለመቀየር መማል ነው። ቁጠባ ከተፈለገ መንገድ አለ። ሦስት አራት ሪድ በተራ ማስነፋት፣ ጀርባዋ ላይ የተጀመረችበትን ቀን መጻፍ፣ ከተነፋች በኋላ ጠርጎ በጠፍጣፋ መያዣ ማስቀመጥ፣ አቅም ሲኖር ብዙ ወር የምታገለግለውን የፕላስቲክ ሪድ መሞከር።

ሁለተኛው «ሻካራው ድምፅ ነው የኛ» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት የጌታቸው መኩሪያን ስም እየጠሩ ነው። ጌታቸው ሽለላንና ቀረርቶን ወደ ቴነር ሳክስፎን ያመጣ ታላቅ ሰው ነው። ግን ሥራውን ደግማችሁ ስሙ። ያ ጉርናኔ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይለሰልሳል፤ ከፍ ሲል ይፎክራል፣ ዝቅ ሲል ያለቅሳል። የሚታዘዝ ድምፅ ነው። የሞተች ሪድ ግን ለማንም አትታዘዝም፤ የምታወጣው አንድ ዓይነት መታፈን ብቻ ነው። ምርጫ ያልነበረበትን መሻከር የእሱ ቅርስ ብሎ መጥራት እሱንም ማሳነስ ነው።

ዋሽንት ነፊው እረኛ ይህን ያውቃል። ዋሽንቱ ሲሰነጠቅበት ትንፋሹን አይረግምም፤ ወንዝ ወርዶ ሌላ ሸምበቆ ይቆርጣል። ከተማ ገብተን በጀትና ማኅተም ስንይዝ ይህን እንዴት ረሳነው?

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሐምሌ 1 ለሚጀምረው በጀት ዕቅድ ስታዘጋጁ፣ የሙዚቃ ቡድን ያላችሁ ሁሉ፣ በአላቂ ዕቃዎች ዝርዝር ላይ «ሪድ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። እስከዚያው ግን «ትንፋሽ የለህም» ልትሉት ያሰባችሁ ልጅ ካለ፣ መጀመሪያ ሪዱን አውልቁና እዩት።